ብሬከሩ የማያየው እሳት፦ የላላ ሽቦ ምን ያደርጋል?



ዕረፍት ሲደርስ ከመካከላችን ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ ኮኪትና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚመለሱ ወንድሞችና እህቶች አሉ። የቆላውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ቬንትሌተሩ ቀንም ሌሊትም ይዞራል፣ ፍሪጁም አያርፍም። ብዙው ቤት ደግሞ እንጨትና ሣር ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ነገር እንነጋገራለን፤ ስለ ላላ ሽቦ።

ምልክቱን ሁላችንም አይተነዋል። ስፒናውን ነካ ስናደርገው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከሶኬቱ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አብዛኞቻችን ስፒናውን ጠምዘዝ አድርገን «ሠራ!» ብለን እናልፋለን። ችግሩ ግን የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የላላው መገናኛ የ0.2 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ እዚያ ነጥብ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 16 × 16 × 0.2፣ ማለትም 51 ዋት ገደማ ነው። ከስንዴ ቅንጣት በማትበልጥ ቦታ ላይ የብየዳ ካውያ ያህል ሙቀት ማለት ነው! የሚጎድለው ቮልቴጅ ግን 3 ቮልት ብቻ ስለሆነ እንጀራው ይበስላል፤ ማንም ልብ አይልም።

ሲግል መዳቡ ይዝጋል፤ ሲዝግ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞው ሲጨምር የበለጠ ይግላል። ሲግልና ሲቀዘቅዝም ብሎኑ እየላላ ይሄዳል። በመጨረሻ በሽቦዎቹ መካከል ክፍተት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ አየሩን ዘሎ ይሻገራል። ይህ አርክ ይባላል። መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ አርክ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይደርሳል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አርኩ በሰከንድ 100 ጊዜ እየጠፋ ይነሣል፤ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ከዚህ የሚመጣ ነው።

«ብሬከር አለን» የሚል አይጠፋም። ብሬከር የሚቆርጠው ከመጠን ያለፈ አምፔር ሲያልፍ ነው። በላላ መገናኛ የሚያልፈው ያው 16 አምፔር ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ 20 አምፔሩ ብሬከር ዝም ይላል። አርክን ለይቶ የሚቆርጥ መሣሪያ በሌላ አገር አለ፤ አሜሪካ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የኤሌክትሪክ ደንቧ ለመኝታ ክፍሎች አስገብታዋለች። በእኛ ቤቶች ግን የተለመደ አይደለም። ስለዚህ የእኛ መከላከያ ዓይናችን፣ አፍንጫችንና ጆሯችን ነው።

ለታናናሾቻችን ማሳየት ለምንፈልግ ቀላል መንገድ አለ። 12 ቮልት ባትሪ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ የመኪና አምፖልና በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ይበቃናል። ብሎኑ ሲጠብቅ በመገናኛው ላይ ቮልት ብንለካ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ብሎኑን አላልተን ሽቦውን ስናንቀሳቅስ ቁጥሩ ይዘላል፣ አምፖሉ ይርገበገባል፣ ብልጭታም ይታያል። ይህን በ220 ቮልት መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም።

እቤትም ሆነ ዶርም ስንሆን እነዚህን እናስተውል፦

• የሚግል ስፒና፣ የጠቆረ ሶኬት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ወዲያው ከብሬከሩ እናጥፋ፤ ሶኬቱም ይቀየር።
• ተጠምዞ በናስትሮ ብቻ የተሸፈነ መገናኛን፣ በተለይ መዳብና አሉሚኒየም የተጣመሩበትን፣ ባለሙያ በትክክለኛ ማያያዣ ይሥራው።
• ምጣድና ስቶቭ በዲቫይደር አንሰካ። በረመዳን ለሱሑር ስንቸኩል ይህ ይበዛል።
• ከአንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት በቀጭን ሽቦ አንሳብ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታችን እሳት ትተን እንዳንተኛ አዘውናል። በግድግዳው ውስጥ የተደበቀውም እሳት ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን የራሳችንን ስፒና በእጃችን ጀርባ ነካ አድርገን እንየው። ትኩስ ከሆነ ነገ አንበል።

ወሰላሙ ዐለይኩም።