ያውቁ ኖሯል? የሰፈር ልጅና ካሜራ

ጠብ በበዛበት ሰፈር ያደገ ልጅ ምን ይሆናል? ይህን ከጠየቁት ፊልሞች ጀርባ ያለውን ያውቁ ኖሯል?

● የደቡብ አፍሪካው «ጾትሲ» ርዕሱ «ዱርዬ» ማለት ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚያወሩትም እንደ እኛ የአራዳ ቋንቋ ከየቦታው ተለቃቅሞ በከተማ ልጆች አፍ የተሠራ ቋንቋ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በውጭ ቋንቋ ዘርፍ ኦስካር ወስዷል።

● ጆን ሲንግልተን በደቡብ ሎስ አንጀለስ ጎረምሶች ላይ የሠራው «ቦይዝ ኢን ዘ ሁድ» የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። በዚሁ ሥራ በ24 ዓመቱ ለምርጥ ዳይሬክተርነት ኦስካር ታጨ፤ በዘርፉ ከጥቁሮች የመጀመሪያው፣ በዕድሜም ትንሹ ዕጩ ሆነ።

● የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ከሲንግልተን ቀድሞ በዚያው ከተማ «ቡሽ ማማ»ን ሠርቷል። መክፈቻው ላይ ፖሊስ አስቁሞ ሲፈትሻቸው የሚታዩት የራሱ የቀረጻ ባልደረቦች ናቸው። ትዕይንቱ ትወና አይደለም።

● እ.ኤ.አ. በ2009 የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ባገኘው «ጤዛ» ደግሞ ኃይሌ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተደበቁ የገጠር ልጆችን አሳይቷል።

● የብራዚሉ «ሲቲ ኦፍ ጎድ» ተራኪ በታጣቂ ወሮበሎች መሃል አድጎ ፎቶ አንሺ ይሆናል። ከተዋንያኑ ብዙዎቹ ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ድሃ ሰፈሮች የተመለመሉ ወጣቶች ናቸው።

● ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኦስካር የላከችው «ራኒንግ አጌይንስት ዘ ዊንድ» የሁለት አብሮ አደጎች ታሪክ ነው። አብዲ ሩጫ ሲመኝ የሰለሞን ሕልም ፎቶ አንሺነት ነበር። አብዲ ሯጭ ሆነ፤ ሰለሞንን የአዲስ አበባ ጎዳና ዋጠው።

● ከፊልም ወደ እውነተኛው ሕይወት ስንመለስ፣ በመቐለ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ቀጥሎም በትግራዩ ጦርነት የተዘጋው የትምህርት ቤት በር ለብዙ ተማሪዎች የተከፈተው በ2015 ዓ.ም. ነው። በ13 ዓመቱ ከክፍል የወጣ ልጅ 16 ሞልቶት ተመለሰ። በመሃሉ የአየር ድብደባና ረሃብ አይቷል፤ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦበት ከዓለም ተቆርጧል።

ይህን ታሪክ ከዚያ ልጅ የተሻለ የሚነግረን የለም። መቐለ ሮማናት አደባባይ ላይ ስልኩን ይዞ የሚቀርጽ ጎረምሳ ካዩ «ዞር በል» አይበሉት። ምን እንዳየ ይጠይቁትና ቁጭ ብለው ያድምጡት።