ጡቷ የታሰረች ላም እና ለሽያጭ የተሠራ መኪና



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርእሳችን ስለ ግብይት ነው። ከግብይትም ውስጥ በዚህ ዘመን ብዙ ቤተሰብ እያስጨነቀ ስላለ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን፤ “ሙሉ በሙሉ ተሠርቷል” ተብሎ ተሽጦ ሳምንት ሳይሞላው መንገድ ላይ ስለሚቆም አሮጌ መኪና።

በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በአጅባር ወይም በወግዲ አንድ ቤተሰብ መኪና የሚገዛው ለሽርሽር አይደለም። ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ገዝቶ ሰውና እህል እያመላለሰ ሊተዳደርበት ነው። ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በሬ ተሽጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ከዚያም በላይ ሳዑዲ ሰው ቤት የምታገለግል እህት በዓመታት ያጠራቀመችው ተጨምሮበት ነው። ዋጋውም ከፍ ብሏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ደጋግሞ ይጠገናል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥገናው ለመንዳት ከሆነ መልካም ነው። ችግሩ ለመሸጥ ብቻ ሲጠገን ነው።

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመልንም ሆነ በግን ለገበያ ሲሉ ሳያልቡ ጡቷን አሳብጦ ማቆየትን ከልክለዋል። የኛ አገር ገበሬ ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። ላሚቱ ሁለት ቀን ሳትታለብ ትውልና ጡቷ ተወጥሮ ገበያ ትቀርባለች፤ ገዢ አይቶ የወተት ጎርፍ ይመስለዋል። ቤቱ ወስዶ ሲያልባት የመጀመሪያው ቀን ይሞላል፤ በሦስተኛው ቀን እውነቷ ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ ምርጫ ሰጥተውታል፤ ከወደደ ያስቀራት፣ ካልወደደ ግን ላለበው ወተት አንድ ቁና (ሷዕ) ተምር ጨምሮ ይመልሳት። ሙስሊም በዘገቡት አንድ ሐዲስ ምርጫው ሦስት ቀን እንደሆነ ተጠቅሷል። የሐነፊ ሊቃውንት በጡት ማሳበጡ ጉዳይ ላይ የተለየ ፍርድ አላቸው፤ ይሁንና ግልጽ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንደሚመለስ እነርሱም ከሌሎቹ ጋር ይስማማሉ።

እንግዲህ ለሽያጭ የተሠራ መኪና ማለት ጡቷ የተወጠረ ላም ማለት ነው። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ወፍራም ዘይት ይሞላበትና ጭሱ ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ቴስታው የተሰነጠቀ ወይም ጋርኒሲዮኑ የተቃጠለ ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ ማሸጊያ መድኃኒት ይጨመራል፤ ሜዳ ላይ ሲነዳ አይሞቅም። የዛገ ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ይቀባል። የተሰበረ ሻንሲ ተበይዶ ጥቁር ቀለም ይለበልብበታል። የተጓዘው ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል። ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ገዢው ከመምጣቱ በፊት ተነሥቶ፣ ሞቆ ይጠብቃል። ለዚህ ነው አዋቂ ሰው መኪና ሊያይ ሲሄድ በጠዋት ሳይነገር ደርሶ፣ ሞተሩን በእጁ ዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጦ የሚያስነሣው።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ወይም አዲስ አበባ አስፋልት ላይ የተፈተነ መኪና ደግሞ ለኛ አገር መንገድ ተፈትኗል አይባልም። ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ ዳገቱን ሲይዝ፣ ከዚያም በለጋምቦ ብርድ ሲያድር፣ የተሸፈነው ሁሉ ይገለጣል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ደግሞ የፍሬን ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ሻጮች ሲጠየቁ የሚመልሱት መልስ የተለመደ ነው። “ጋራዡ ነው የሠራው፣ እኔ ምን አውቃለሁ” ይላሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ፤ ባለቤቱ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ተናገረ። ዝናቡን እርሱ አላዘነበውም። ነቢዩም ስለ ዝናቡ አልወቀሱትም፤ የወቀሱት እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነበር፤ የሚያታልልም ከርሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል። ሻጩ ጉድለቱን በእርግጥ ካላወቀ ወንጀሉ ይነሣለታል፤ የገዢው መብት ግን አይነሣም። ሊቃውንት ይህን መብት ኺያሩል ዐይብ ይሉታል፤ በጉድለት ምክንያት የመመለስ ምርጫ ማለት ነው።

ሁሉም ብልሽት ግን ዐይብ አይደለም። ጉድለቱ ከርክክቡ በፊት የነበረ መሆን አለበት፤ በንግዱ አዋቂዎች ዘንድ ዋጋ የሚቀንስ ወይም ዕቃው የተገዛበትን አገልግሎት የሚያሰናክል መሆን አለበት፤ ገዢውም ሳያውቀው የገዛ መሆን አለበት። የሃያ ዓመት ኮሮላ ገዝቶ ወንበሩ ተቀደደ፣ በሩ ይንጫጫል ብሎ መካሰስ ተገቢ አይደለም። አሮጌ ነው ተብሎ ተገዝቷል፣ አሮጌ ነው። የተበየደ ሻንሲ ግን በአሮጌም በአዲስም ዐይብ ነው።

“ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ ብለህ ፈርመሃል” የሚለው ሙግትስ? እዚህ ላይ ኢማሙ ማሊክ በሙወጦእ የዘገቡትን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ ከጉድለት ኃላፊነት ነፃ ነኝ ብለው በስምንት መቶ ድርሃም ሸጡ። ገዢው ያልተነገረው በሽታ አለበት ብሎ ከሰሰ። ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ኢብን ዑመር በሽታውን የማያውቁ እንደነበር በአላህ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብን ዑመር መማልን እንቢ ብለው ባሪያውን መልሰው ወሰዱ። እንደ ሻፊዒይ መዝሀብ ጠንካራ አቋም “ከጉድለት ሁሉ ነፃ ነኝ” የሚለው ቃል ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት አይሸፍንለትም። በሐነፊ መዝሀብ ቃሉ በፍርድ ደረጃ ይጸናል፤ እያወቀ መደበቁ ግን በነርሱም ዘንድ ሐራም ነው። በወሎ ሁለቱም መዝሀብ ስላለ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሸሁን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

አሁን ጉድለቱ የተገለጠበት ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው በዚህ ሰዓት ነው። ተናዶ መኪናውን ሌላ ጋራዥ ያስገባና ሞተሩን ያስወርዳል፤ ወይም “እስኪ እስከ ቅዳሜ ልሥራበት” ብሎ መጫኑን ይቀጥላል። ጉድለቱን ካወቁ በኋላ መገልገል መውደድን ያሳያል፤ የወደደ ደግሞ አይመልስም። በሻፊዒይ መዝሀብ መመለሱ ወዲያውኑ መሆን አለበት። በሐነፊና በሐንበሊ የመውደድ ምልክት እስካልታየ ድረስ ጊዜ አለው። ሁሉንም የሚያስማማው መንገድ ግን መኪናውን ማቆም፣ በዚያው ቀን ለሻጩ መናገርና ሁለት ምስክር መያዝ ነው። ፎቶግራፍና የስልክ መልእክትም ይጠቅማል። ያልተፈታውን ሞተር መካኒክ አዳምጦ አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ አይፍታው።

ከተፈታ ወይም በገዢው እጅ ሌላ ጉዳት ከደረሰበት መመለሱ ይከብዳል፤ ያኔ የሚቀረው አርሽ የሚባለው የዋጋ ልዩነት ነው። የሚሰላውም በድርሻ ነው። መኪናው ጤነኛ ቢሆን አንድ ሚሊዮን፣ ከነጉድለቱ ስምንት መቶ ሺህ ያወጣል ብለው አዋቂዎች ቢገምቱ ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ነው። የተገዛው በዘጠኝ መቶ ሺህ ከሆነ ሻጩ የዚያን አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 180,000 ብር ይመልሳል። መኪናውን አስቀርቶ አርሹን መቀበልን ሐንበሊዎች ገና ከመነሻው ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ መመለስ ሲያቅት ወይም ሁለቱ ሲስማሙ ነው።

አንዳንድ ሻጭ “እሺ ልቀበልህ፣ ግን አሥር ቀን የሠራህበትን አምጣ” ይላል። ይህን መጠየቅ አይችልም። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ዕቃው ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነበር ተብሎ ይታያል፤ ኪሳራውን የሚሸከመው ገቢውንም ይወስዳል። በእነዚያ አሥር ቀናት መኪናው ቢገለበጥ የገዢው ኪሳራ ነበርና ጉድለቱን ሳያውቅ የሠራበት ገቢም የገዢው ነው።

ወደ አገሩ ሕግ ስንመጣ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት ላይ እንጂ በመኪና ሽያጭ ላይ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በሸሆችና በሽማግሌ ፊት መታረቅ ይቻላል፤ ክስ ከሆነ ግን የሚሄደው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ዕቃው ከጉድለት ነፃ መሆኑን እንዲያረጋግጥ፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሆን ብሎ ጉድለት የደበቀ ሻጭም “ኃላፊነት የለብኝም” የሚል የውል ቃል አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ከነጋዴ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ስሌቱ በቀን ነውና “ነገ እነግረዋለሁ” እያሉ ማደር ይጎዳል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ለታክስ ሲባል ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። ውሸት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ስድስት መቶ ሺህ ከፍሎ ሁለት መቶ ሺህ ያስጻፈ ሰው ሽያጩ ሲፈርስ በእጁ ያለው ማስረጃ የሁለት መቶ ሺህ ነው። የቀረውን በምን ያስመሰክራል? ሻጩም ይህን ያውቃል።

ከመፈረም በፊት ሊደረግ የሚችል ነገርም አለ። በግብይት ይታለል ለነበረ አንድ ሶሓቢይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲገዛ “ማታለል የለም” እንዲል አስተምረውት፣ የሦስት ቀን ምርጫም እንዳለው ተዘግቧል። ኺያሩ ሸርጥ ማለት ይህ ነው። ሐነፊም ሻፊዒይም እስከ ሦስት ቀን ይፈቅዱታል። “ለሦስት ቀን የመመለስ ምርጫ አለኝ” ብሎ ማስጻፍ ነውር የለውም። በሦስቱ ቀን ሰው ሳይጭኑ ዳገቱን አስወጥተው፣ ብርድ ላይ አሳድረው፣ ጠዋት አስነሥተው ያዩታል። በመኪናው የሚተማመን ሻጭ ይህን አይፈራም።

መካኒኩና ደላላውስ? መካኒክ በእጁ ጥፋት ወይም በቸልተኝነት ላበላሸው ኃላፊ መሆኑ ሊቃውንት የሚስማሙበት ነው። ለማታለል መሆኑን እያወቀ ሻንሲውን ቀለም የቀባ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ በወንጀል መተባበርን ከከለከላቸው ሰዎች አንዱ ሆኗል። ደላላም ጉድለቱን እያወቀ “አንደኛ ነው” ብሎ ከማለ እንደዚያው ነው።

የቀረው ከሁሉም የከበደው ነው። ሻጩ ጠፋ፣ ስልኩን ዘጋ፣ መካነ ሰላም ድረስ የመጣውን መኪና አዲስ አበባ መልሶ መውሰዱም አልተቻለም እንበል። በዚህ ጊዜ የተታለለው ሰው ራሱ ስቱኮና ቀለም ገዝቶ፣ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፋል። “እኔም ተበድዬ ነው” ይላል። የበደለው ሌላ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ ምንም ያላደረገ፣ ምናልባትም የሌላ እህት የዐረብ አገር ላብ ነው። ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊም ለወንድሙ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሳይገልጽለት ሊሸጥለት አይፈቀድለትም። ለሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም ማታለል እንዲሁ ሐራም ነው። ገልጾ ከሸጠ ግን ሽያጩ ሐላል ነው። “ቴስታው ተበይዷል፣ ዳገት ላይ ይሞቃል፣ ዋጋው በዚያ ልክ ነው” ብሎ ውሉ ላይ ያስጽፍ። መለዋወጫውን ፈልጎ የሚገዛው ጋራዥ ይኖራል።

ፍሬኑ የማይዝ ወይም ሻንሲው የተሰነጠቀ መኪና ከሆነ ግን ገልጾ መሸጡ ብቻ አይበቃም። ገዢው ሳይጠግን ሰው ሊጭንበት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ተሳፋሪዎቹ ስለ ጉድለቱ አልተነገራቸውምና፣ ወይ አስጠግኖ ይሽጠው፣ ወይ ፈትቶ በመለዋወጫ ዋጋ ይሽጠው።