ቤት የተሸከመ ሚኒባስ

አዲስ አበባ ላይ ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ የሚጣራበት ቶዮታ ሃይስ አውስትራሊያና ጃፓን ውስጥ ሌላ ኑሮ አለው። የተሳፋሪ ወንበሩ ተነቅሎ አልጋ ይዘረጋበታል፤ ፍሪጅ፣ የውሃ ታንከር፣ ምድጃና ትርፍ ባትሪ ይገባበታል፤ ባለቤቱም እየነዳ፣ እያበሰለና እየተኛበት አገር ያያል። አስፋልት ላይ እስከሆነ ድረስ የሚያሳስብ ነገር የለም። በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ወደ ጊብ ሪቨር መንገድ ሲታጠፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አብዛኛው ጠጠር፣ አቧራና የወንዝ መሻገሪያ ነው። ይህን ጉዞ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው መኪናውን ከፍ ማስደረግና ጥርሱ ያገጠጠ ጎማ ማልበስ ነው። እኔን ቢያማክረኝ በቅድሚያ ወደ ሚዛን ነበር የምልከው።

ታክሲው ጭኖ ያራግፋል፤ ማታ ባዶውን ያድራል። ቤት የሆነው ሃይስ ግን ቆሞም ጭነቱ አይወርድለትም። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፤ በዚያ ላይ ጣውላው፣ ባትሪው፣ ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ፓነል አለ። ዕቃው ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ፍሪጁ፣ ምድጃውና ታንከሩ በአንድ ግድግዳ በኩል ከተደረደሩ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ እንኳ ዘመም ይላል። ስለዚህ ውሃና ነዳጁ ሞልቶ፣ ተጓዦቹም ተቀምጠው፣ የፊቱና የኋላው አክስል ለየብቻ ይመዘናል፤ ከተቻለ ግራና ቀኙም። ጎማውም ሆነ ባሌስትራው የሚመረጠው በሚዛኑ ወረቀት ነው።

ሃይስ በጃፓን ከሚታወቅባቸው የጎማ ልኮች አንዱ 195/80 አር 15 ነው፤ የጭነት ቁጥሩ 107/105። 107 ማለት አንዱ ጎማ ለብቻው ሲገጠም 975 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 105 የሚለው ጎማ ተጣምሮ ለሚገጠምባቸው መኪኖች ነው። አሁን ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውን ጥርሰ ትልልቅ ጎማ ተመልከቱ። ጎኑ ላይ 100 የሚል ከተጻፈበት አቅሙ 800 ኪሎ ብቻ ነው። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ሲደመር 350 ኪሎ ጎደለ ማለት ነው፤ ያውም አልጋውና ታንከሩ ባረፉበት በኩል። ብዙ ሰው ጥርሱን አይቶ ይገዛል እንጂ ቁጥሩን አያነብም። እዚያው አጠገብ ያለችው ባለ አራት አሃዝ ጽሑፍም መነበብ አለባት፦ 2319 ከሆነች ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። እኛ አገር መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ «አዲስ» ተብሎ ሊሸጥ ሲቀርብ የምታጋልጠው እሷ ናት።

ትልቅ ጎማ ምን ያህል ከፍ ያደርጋል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 195/80 አር 15 ከጫፍ እስከ ጫፍ 693 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 215/75 አር 16 ደግሞ 729። ልዩነቱ 36 ቢሆንም አክስሉ ከፍ የሚለው በግማሹ፣ በ18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በምላሹ የፍጥነት መቁጠሪያው ያታልላል፤ በፊት ትክክል ከነበረ አሁን 100 ሲል መኪናው 105 ይሄዳል። ጎማው መሪ ሙሉ ለሙሉ ሲታጠፍ ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይፋተግ መሞከር ያለበትም መኪናው ተጭኖ ሳለ ነው። የጭቃ ጎማ ከሆነ ደግሞ አስፋልት ላይ ይጮኻል፤ በዝናብም ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም። እንዲህ ያለ ተጓዥ የጉዞውን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው አስፋልት ላይ ስለሆነ ለሁለቱም የሚሆነው ኦል ቴሬን የሚባለው ዓይነት ይበቃዋል።

ከጎማው ዓይነት ይልቅ ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው አየር ነው። ንፋስ ሲቀነስ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይረዝምና ብዙ መሬት ይይዛል፤ ድንጋዩንም ተለጥጦ ያልፈዋል እንጂ አይወጋበትም። ግን ጎማ በተለጠጠ ቁጥር ይሞቃል፤ የሚገድለውም ሙቀቱ ነው። ለዚህ የአውስትራሊያ ሾፌሮች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ጠዋት ቀዝቃዛውን ጎማ ይለካሉ፤ ጥቂት ከነዱ በኋላ ይደግሙታል። ለፎር ዊል መኪና ጭማሪው 4 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ለቀላል ጭነት መኪና 6 አካባቢ ከሆነ ልኩን ይዟል። ከዚያ ከበለጠ ወይ ንፋሱ አንሷል፣ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ ጭነቱ ከብዷል። ንፋስ የቀነሰ ሰው ፍጥነትም ይቀንሳል፤ አስፋልት ሲደርስ መልሶ የሚሞላበት ትንሽ ኮምፕሬሰርም ያስፈልገዋል። ጎሚስታ በየመንደሩ ያለው እኛ ጋ ነው፤ እዚያ እስከሚቀጥለው ማደያ ድረስ መቶዎች ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሾፌር ሳያውቀው አንድ ግሩም ነገር ይገጥመዋል። ወደ ደጋው ሲወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ የጎማው መለኪያ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መጨመር ነበረበት። ብርዱ ደግሞ ውስጡ ያለውን አየር ያኮማትረዋል። ጅቡቲ በ38 ዲግሪ 45 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ አዲስ አበባ በ18 ዲግሪ ቀዝቅዞ ሲለካ እንደገና 45 ገደማ ያሳያል፤ ሁለቱ ተጣፉ።

አሁን ወደ እግሩ፣ ማለትም ሻንሲውን ከጎማው ጋር ወደሚያገናኘው ክፍል እንለፍ። የሃይስ የኋላ እግር ባሌስትራ ነው፤ ይህን ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ባሌስትራ ማስጨመርም ያወቅነው ነገር ነው፤ ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ቅጠል በተጨመረ ቁጥር ጥንካሬው ይደመራል። ከሚዛኑ ወረቀት በላይ ከጠነከረ ባሌስትራው መታጠፉን ይተውና እያንዳንዱን ጉድጓድ በቀጥታ ለቁም ሳጥኑና ለወገብ ያስተላልፋል። ከታክሲ ይልቅ ለዚህ መኪና ልክ ማግኘት የሚቀለው ጭነቱ ስለማይለዋወጥ ነው። አንዳንዶች ቅጠል በመጨመር ፈንታ የአየር ከረጢት ያስገጥማሉ፤ ከረጢቱ ግን ባሌስትራው በሁለት ጫፉ ያካፍለው የነበረውን ጫና ሻንሲው ላይ አንድ ቦታ ያሳርፈዋል። ከልክ በላይ የተጫኑ መኪኖች ሻንሲ በዚህ ሳቢያ ሲታጠፍ ታይቷል። ከረጢቱ የተኛን ባሌስትራ ለማቃናት እንጂ የመጫን አቅም ለመጨመር አይሆንም።

የፊቱ የተለየ ነው። በብዙዎቹ ሃይሶች እዚያ ያለው ቶርሽን ባር፣ በመኪናው ርዝመት የተጋደመ የብረት ዘንግ ነው፤ ጎማው ሲነሳ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ሲፈታ ጎማውን ይመልሰዋል። ጫፉ ላይ ያለው ቡሎን ሲጠብቅ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ይላል። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል፤ እኔ ግን አልወደውም። ቡሎኑ ዘንጉን አያጠነክረውም፤ የቆመበትን ከፍታ ብቻ ይቀይራል። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለሚያጥር ጉድጓድ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ ጥግ ይመታል፤ የጎማው አቋምም ስለሚዛባ አላይመንት ካልተሠራ ጎማው ባንድ ጎኑ ይበላል። እንዲህ ባለው ሃይስ ሾፌሩ የሚቀመጠው እዚያው የፊት ጎማው ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ምቱ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ደግሞም ጣሪያው ላይ ፓነልና ዕቃ ያለው ረጅም መኪና ይበልጥ ከፍ ሲል ጎን ለጎን ባዘቀዘቀ መንገድ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ሾክ አብዞርበሩ ነው። ባሌስትራና ቶርሽን ባር ምቱን ይቀበላሉ፤ መዋዠቁን የሚገታው ግን ሾኩ ነው። የሚገታውም ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመቀየር ነው። እንደ ቤት ቆርቆሮ የተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ይህ ሥራ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይቀጥላል፤ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ሾኩ አለሁ እያለ መሥራት ያቆማል። ሾፌሩ የሚያውቀው ጎማው መሬት እየለቀቀ መሪው ሲቀልለው ነው። ታበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ የፊዚክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት አሸዋ ላይ ጎማ እያሽከረከሩ ሽብሽቡ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በራሱ እንደሚፈጠር፣ ጎማው ምንም እግር ባይኖረውም እንኳ እንደማይቀር አሳይተዋል። መንገዱን እንዲያ የሚያደርገው የሚሄድበት መኪና ፍጥነት ነው ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ወፈር ያለ፣ ብዙ ዘይት የሚይዝና ጋዝ የተሞላ ሾክ ይመረጣል፤ ከአዲሱ ባሌስትራ ጥንካሬ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። በየመሀሉ ቆሞ ማቀዝቀዝ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ሥራው አልቆ መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ከነሙሉ ጭነቱ እንደገና ይመዘናል፣ ከፍታው ይለካል፣ አላይመንት ይሠራል። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ረገብ ስለሚል ከአክስሉ ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ይላላሉ። ከጋራዡ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጠጠሩ የሚያመራ ተጓዥ መጀመሪያ ባደረበት ቦታ፣ እራት ከመሥራቱ በፊት፣ ቁልፍ ይዞ ስር ይገባል፤ የባሌስትራውንም የጎማውንም ዳዶዎች አንድ በአንድ ያጠብቃል።