የመንጃ ፈቃድ ፈተናና ወረፋው፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ

አዲስ አበባ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሚኒባስ ሲያሽከረክር የኖረ ወገናችን ዲቪ ደርሶት ሲልቨር ስፕሪንግ ቢገባ፣ በሜሪላንድ ሕግ ፊት ሹፌር ነው ወይስ ጀማሪ? መልሱ በችሎታው ሳይሆን በኪሱ ባለው ወረቀት ላይ የተመሠረተ ነው። ጊዜው ያላለፈበትን የአገሩን መንጃ ፈቃድ ካቀረበ፣ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ የ3 ሰዓት ትምህርት ወስዶ የዓይን፣ የጽሑፍና የመንገድ ፈተና ይፈተናል። ፈቃዱን «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ጥሎት ከመጣ ግን ከዜሮ ይጀምራል፦ 30 ሰዓት በክፍል፣ 6 ሰዓት ከአስተማሪ ጋር በመኪና። ዕድሜው 25 እና ከዚያ በላይ ቢሆን እንኳ የለማጅ ፈቃዱን 45 ቀን መያዝና ሌላ 14 ሰዓት መለማመድ አለበት። አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ቢያንስ 21 ዓመት የሞላውና 3 ዓመት ፈቃድ የያዘ መሆን ይኖርበታል።

በእኔ እምነት ትልቁ ወረፋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኤምቪኤን ቀጠሮ ሁሉም ያማርራል። በ2014 ሜሪላንድ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ፈቃድ መስጠት ስትጀምር፣ በ2020 ደግሞ በኮቪድ ቢሮዎች ሲዘጉ ቀጠሮ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ታይቷል። የማይታየው ወረፋ ግን የቤት ውስጡ ነው። ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት ኡበር የሚሠራ ዘመድ ያንን 14 ሰዓት ከየት ያመጣል? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ደለስ አየር ማረፊያ መግባት ያለበት ሰውስ መኪና እስኪይዝ በምን ይደርሳል? በዚያ ሰዓት ባቡሩም አልተነሣም።

ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ለገባው ነገሩ ቀለል ይላል። በቨርጂኒያ 18 ዓመት የሞላው ጀማሪ ወይ ይማራል፣ ወይ የለማጅ ፈቃዱን 60 ቀን ይዞ ይፈተናል፤ ምርጫው የራሱ ነው። ፈቃድ የተሰጣቸው የመንጃ ትምህርት ቤቶችም ላስተማሯቸው አዋቂዎች የመንገድ ፈተና መስጠት ይችላሉ፤ ይህም ከመንግሥት ቢሮ ላይ ሸክም ያነሳል። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ቀበቶ መንገድ፣ ሁለት ሕግ!

ሜሪላንድ በ2015 ፓራለል ፓርኪንግን ከፈተናው ስታወጣ ብዙዎች ተደስተው ነበር። (ፌንተን ጎዳና ላይ ቅዳሜ ማታ መኪና ለማቆም የሞከረ ሰው ደስታው ለምን እንደሆነ አይገባውም።) ፈተናውን ማቅለል አንድ ነገር ነው፤ ማንን ከየት ማስጀመር እንዳለበት ማስተካከል ግን ሌላ ነው።

ለመሆኑ ምን እንጠይቅ? ሁለቱም ግዛቶች ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከደቡብ ኮሪያና ከታይዋን ፈቃድ ይዞ የመጣን ሰው ያለ ጽሑፍና ያለ መንገድ ፈተና ይቀበላሉ፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እኛም እዚያ እንግባ ማለት ያጓጓል። ነገር ግን ፈቃድ በገንዘብ ይገኛል የሚለው ሐሜት አገር ቤት እስካልጠፋ ድረስ ማን ያምነናል? ይልቅስ መጠነኛውን እናስቀድም፦ ፈቃዱን ጥሎ የመጣ ሰው የቀድሞ ፈቃዱን ከአገር ቤት የሚያረጋግጥበት፣ ማስረጃውንም ኤምቪኤ የሚቀበልበት መንገድ ይከፈት፤ በመንገድ ፈተና ችሎታውን ያሳየም 30 ሰዓት ክፍል አይቀመጥ። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ በኋላ አማርኛ በመንግሥት ቢሮዎች ቦታ ያገኘው ማኅበረሰባችን ተደራጅቶ ስለጠየቀ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ አናፖሊስ ላይ ይሰበሰባል፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው።