ከአባይ ሸለቆ እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ፦ የታሰበ የቤተሰብ ጉዞ



ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ቪዲዮ ነው። ፍኖተ ሰላም ከቡሬ ከመጡ ዘመዶቻችን ጋር ተሰባስበን ሳለ ከልጆቹ አንዱ በስልኩ የያዘውን አሳየን። የራስ መከላከያ ቆብ ያጠለቁ የአውሮፓ ወጣቶች በገመድ ተንጠልጥለው ከፏፏቴ ጋር ገደል ይወርዳሉ፤ ከሥር ወዳለው ጥልቅ ውሃ ይዘላሉ፤ መብራት ይዘውም ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። የሸለቆ መውረዱን ሥራ "ካንዮኒንግ" ይሉታል። ልጁ "እኛስ መቼ ነው ውጭ አገር ሄደን እንዲህ የምናየው?" ሲል፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ሐጂ ሳቅ አሉና "ልጄ፣ አባይን የመሰለ ገደል ከደጅህ ትተህ የማንን ገደል ልታይ ነው?" አሉት። እሱም ቀበል አድርጎ "ገደሉስ አለ አባባ፣ ዋሻው የታለ?" አላቸው።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋ እስከ ደምበጫ የምንረግጠው መሬት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከምድር ውስጥ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በውሃ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል እንጂ አይሟሟም። ረጃጅም የተፈጥሮ ዋሻዎች የሚበዙት የኖራ ድንጋይ ባለበት ነው። የዝናብ ውሃ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል፤ በስንጥቁ ገብቶም የኖራውን ድንጋይ እየላሰ ያሟሟዋል። በብዙ ሺህ ዓመታት ስንጥቁ ጎዳና ይሆናል። እኛም ዘንድ የኖራ ድንጋይ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሚያሻግረው መንገድ ወደ አባይ የወረደ ሰው ልብ ብሎ ካየ፣ ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራው፣ ከዚያ ጀሶው፣ ከታች የአሸዋው ድንጋይ ተደራርበው ይታዩታል። አውቶቡስ ውስጥ ተኝተን ስንት ጊዜ አልፈነው ይሆን?

እናም የልጁ ጥያቄ ወደ ባሌ መራን። ከሮቤ ከተማ ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሶፍ ዑመር ዋሻ ይገኛል። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ አያ ማኮ በሚባለው በር ይገባና የኖራውን ተራራ ሰንጥቆ ሆሉቃ በሚባለው በር ይወጣል። የእንግሊዝ ዋሻ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 በሠሩት ልኬት የውስጥ መተላለፊያዎቹ ርዝመት ተደምሮ 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኗል። በሀገራችን ከታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው። ጣሪያውን ደግፈው የቆሙት የድንጋይ ምሰሶዎች የሚገኙበት ክፍል በሰው እጅ የተጠረበ አዳራሽ ይመስላል ይባላል። ስሙ የሼኽ ሶፍ ዑመር አሕመድ ነው፤ በአካባቢው ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ በ12ኛው ምዕተ ዓመት በዋሻው ተጠልለው ኖረዋል። በሥፍራው የሚደረገውን ዚያራ በሚመለከት በዑለሞች መካከል ያለውን የሐሳብ ልዩነት አንባብያን ያውቁታል። የእኛ ጉዞ ግን የአላህን ፍጥረት ለማየትና ልጆቻችንን ለማስተማር የታሰበ ነው።

ሐሳቡ ሲሰማ እናቶች መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ውሃው ነበር። ትክክል ናቸው። በየክረምቱ ደራሽ ውሃ ሰው ወሰደ ሲባል የማይሰማበት የጎጃም ቀበሌ ጥቂት ነው፤ ብርና ፈጣም ሲሞሉ ምን እንደሚመስሉ ለእኛ ማንም አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ1968 በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው በአብዛኛው የእንግሊዝ ወታደሮች የነበሩበት ቡድን አባይን ሙላቱን ጠብቆ በጀልባ ሲወርድ፣ ሥልጠናውም መሣሪያውም እያለው አንድ አባሉን ውሃ ወስዶበታል። ልጁ ያሳየን ዓይነት ጉዞም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 በስዊዘርላንድ ሳክሰተንባክ በሚባል ጅረት ውስጥ ካንዮኒንግ ላይ ከነበሩት ሰዎች 21 አለቁ፤ ከሟቾቹ መካከል አስጎብኚዎችም ነበሩ። ዝናቡ የጣለው ከላይ ነበር፤ ሙላቱ የደረሰባቸው ታች ሸለቆው ውስጥ ነው። የታይላንዱንማ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 12 ታዳጊዎች ከእግር ኳስ አሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ ዋሻ ገብተው ዝናቡ መውጫቸውን ዘጋው። የተገኙት በዘጠነኛው ቀን ነው። ሁሉም በሕይወት ቢወጡም ከአዳኞቹ አንዱ፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ፣ አየር አጥቶ ሞተ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የተከራከርነው ስለ ወሩ ነው። ወጣቶቹ "በጥቅምት እንሂድ፣ ክረምቱ ወጥቷል" አሉ። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው ይሳሳታል። ለእኛ መስከረም ካለፈ ሰማዩ ጠራ ማለት ነው፤ የባሌ ዝናብ ግን በእኛ አቆጣጠር አይሄድም። ቆላው በመጸውም በበልግም ዝናብ ያገኛል፤ ወይብ የሚነሣበት ደጋም ከበልግ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንብበታል። ዋሻው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየወጣ ወንዙ ከላይ በወረደ ውሃ ሊሞላ ይችላል። የዋሻው መንገድ ደግሞ ወንዙን በተደጋጋሚ መሻገር ይጠይቃል። የተሻሉት ታኅሣሥና ጥር ናቸው፤ የተማሪዎች የመንፈቅ ዕረፍትም ለዚያው ይቀርባል። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት ወደ ጥር እየተጠጋ ስለሆነ ቀኑን ስንቆርጥ የሂጅራውንም አቆጣጠር አብረን ማየት አለብን።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ነው። ዋሻ የለመዱ ሰዎች አንድ ሰው ሦስት መብራት ሳይዝ አይገባም ይላሉ፤ አንዱ ግንባር ላይ፣ ሁለቱ ቦርሳ ውስጥ። የስልክ መብራት ከቁጥር አይገባም። ከአራት ሰው ማነስም የለበትም፤ አንድ ሰው ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ ርዳታ ፍለጋ ይወጣሉ። በስንት ሰዓት እንደምንወጣ ውጭ ለሚቆይ ሰው ተነግሮት መግባት ይገባል። የአካባቢውን መሪ ትቶ በራስ መግባት የማይታሰብ ነው። የሌሊት ወፍ ኩስ ብናኝ ሳንባ ሊያሳምም ስለሚችል አስም ያለባቸው ደጃፉን አይተው ይመለሱ ብለናል። በዚህ ከልጆቹ አንዷ አኩርፋለች፤ እስካሁንም አልታረቀችንም።

በገመድ ገደል መውረዱንስ? ያለ ሠለጠነ ሰው አይሞከርም ብለን ዘጋነው። በምትኩ የሸለቆ ጉዞ ልምምዱ በእግር ይሆናል፤ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ በኩል እስከ አባይ ድልድይ። ገደል መውረድ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው እጥፍ ጊዜ የሚፈጅ፣ ያውም በቆላ ሙቀት። ማለዳ ተነስቶ፣ ውሃ ተሸክሞ፣ ማደር ካለ አጎበር ይዞ ነው።

እህቶቻችን ከአባቶቻቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ስለሚሄዱ የመሕረም ጥያቄ በቤተሰብነቱ ተፈትቷል። ሰላት በመንገድ ላይ ይሰበሰባል፣ ያጥራል። ዋሻ ውስጥ ወቅቱን የሚነግረን ሰዓት ብቻ በመሆኑ ዙህርን ሳንሰግድ እንዳንገባ ተስማምተናል። አንድ ነገር ልጆቹን አስገርሟቸዋል። ቡሬ ላይ ሆነን ወደ ቂብላ ስንዞር ወደ ሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ አዘንብለን ነው፤ ሶፍ ዑመር ግን ከመካ ትንሽ በስተምሥራቅ ስለሚሆን፣ ከዚያ ሲሰገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ነው። ኮምፓሱን የሚይዘው ማን እንደሚሆን ዕጣ ተጥሏል።

ወጪውን በእቁብ ጀምረናል፤ ገንዘቡ ሲሞላ ለኮስተር ኪራይ ይሆናል። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ሮቤ 430 ገደማ፣ በላዩ የዋሻው መንገድ ሲጨመር መሄጃው ብቻ ከ900 ይበልጣል። ሦስት ቀን እንጂ ባንድ ጀምበር የሚገፋ አይደለም።

መብራትም ወርም ያልመለሱት የመንገዱ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት የምዕራብ ጎጃምን መንገዶች በተደጋጋሚ ዘግቷል። በአዲስ አበባው መንገድ ታግተው ገንዘብ የተጠየቀባቸው ሰዎች አሉ። ሕፃናት ይዞ በዚህ መሐል መውጣት ድፍረት አይባልም። ወጣቶቹ "እንግዲያውስ ለምን እናቅዳለን?" ብለው ተቆጡ። ሐጂም "ቀኑን አትቁረጡ፣ ዝግጅቱን ግን አትተዉ። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሹፌሮች እንደ ድሮው ሌሊት መንዳት ሲጀምሩ ያኔ እኔም ቦርሳዬን አስራለሁ" አሉ።

እቁቡ በየወሩ ይጣላል። እስካሁን አሥራ አንድ የግንባር መብራት ተገዝቷል፤ ገና የሚቀረው ይበልጣል።