የስልክ መተግበሪያና የምታጠባ እናት፦ በዐውደ ምሕረት ከማስተዋወቃችን በፊት

በላስታና በአካባቢው ወረዳዎች ከሚገኙ አጥቢያዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በተደጋጋሚ እየደረሰን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለ ጡት ማጥባት የሚያስተምሩ የስልክ መተግበሪያዎችን አግኝተው «በዐውደ ምሕረት ብናስተዋውቃቸው እናቶችን ይጠቅማሉን?» ይላሉ። ጥያቄው የሚመሰገን ነው። መልሱ ግን አዎን ወይም አይደለም ብቻ ሊሆን ስለማይችል ጉዳዩን በዚህ እትም ዘርዘር አድርገን ለማቅረብ ወደድን።

ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወር ውኃም ሆነ ሌላ ምግብ ሳይጨመር የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጠው፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተመገበ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ የጤና ባለሙያዎች ያስተምራሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 ወር በታች ከነበሩ ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 ከመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. መቀንጨርን ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በጎረቤታችን ከተማ ስም መጠራቱ ነገሩ ለደጋው ሕዝባችን ሩቅ አለመሆኑን ያሳያል። በየቤቱ ያለውን ልማድም እናውቀዋለን፦ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማቅመስ፣ የአብሽ ውኃ ማጠጣት፣ ወፈር ያለውን ቢጫ እንገር «ሆዱን ያመዋል» ብሎ አልቦ መድፋት።

ጡት ማጥባትን የሚመለከቱ መተግበሪያዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ሕፃኑ በስንት ሰዓት እንደ ጠባና ስንት ጊዜ እንደ ሸና ይመዘግባል። ልጇን ቀንም ሌትም አቅፋ ባለቀሰ ቁጥር ለምታጠባ የላስታ እናት ይህ ቆጠራ ብዙ የሚጨምርላት ነገር ያለ አይመስለንም። የሚጠቅመው ምስሉ ነው። ሕፃን በትክክል ጡት ሲጎርስ አፉ በሰፊው ይከፈታል፤ አገጩ ጡቱን ይነካል፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክፍልም ከታች ይልቅ ከላይ በኩል በርከት ብሎ ይታያል። ይህን በቃል ማስረዳት ያስቸግራል፤ በአጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ግን ማንም ያስተውለዋል። የጡት ጫፍ መቁሰልና «ወተቴ አነሰ» የሚለው ሥጋት ብዙውን ጊዜ ከአጎራረስ ጉድለት የሚመጣ በመሆኑ፣ ይህን በጊዜው ያየች እናት ወደ ላም ወተትና ወደ ጡጦ ለመሄድ አትቸኩልም።

ነገር ግን ምስሉ የሚታየው በማን ስልክ ነው? በገጠር አጥቢያዎቻችን ስልክ በአብዛኛው የሚገኘው በባል ኪስ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባሉ መንደሮች ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ መውጣት የተለመደ ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ ላሊበላ መብራትና ስልክ ተቋርጦባት ለወራት ቆይታለች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት መተግበሪያ እናቲቱ በምትቸገርበት ቀን ላይገኝ ይችላል።

ባለ ቁልፍ ስልክም ቢሆን ግን ከንቱ አይደለም። ብዙዎቻችን በእርሻም የምንተዳደር ስለሆንን 8028 የሚለውን ቁጥር አንስተውም፤ ገበሬው ደውሎ ስለ ሰብሉ በአማርኛ የተቀዳ ምክር ያዳምጥበታል። በደቡብ አፍሪካ የጤና መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመረው «ማምኮኔክት» የተባለ አገልግሎት ለነፍሰ ጡሮችና ለእናቶች አጫጭር መልእክት በተራ ስልክ በነጻ ይልካል፤ እናቶቹም ጥያቄ መልሰው ይልካሉ። በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት አለ። ባለሙያዋ የቤተሰቡን መረጃ ኔትወርክ በሌለበት መዝግባ በኋላ ታስተላልፋለች። በእኛ አመለካከት ለላስታ የሚስማማው መንገድ ይህ ነው፤ መሣሪያው በሠለጠነች ባለሙያ እጅ ሆኖ ምክሩ በአፏ ለእናቲቱ ይደርሳል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ከጤና ኬላዋ ባለሙያ ጋር ተመካክረው የታመነበትን ምስልና ድምፅ በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ሊያዳርሱ ይችላሉ።

አጥብቀን የምናሳስበው የመተግበሪያውን ባለቤት ማወቅን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች ለሕዝብ እንዳይተዋወቁ የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ደንብ ያጸደቁት በ1973 ዓ.ም. ነው። ድርጅቱ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የዱቄት ወተት አምራቾች በመተግበሪያዎችና በእናቶች የመወያያ ክበባት በኩል ነፍሰ ጡሮችንና እናቶችን በቀጥታ እንደሚያገኙ፣ የግል መረጃቸውንም እንደሚሰበስቡ ገልጿል። በመጀመሪያው ገጽ «የእናት ጡት ይበልጣል» ብሎ በሦስተኛው ስለ ጣሳው የሚያወራ መተግበሪያ በቤተ ክርስቲያን ስም መተዋወቅ የለበትም። ንጹሕ ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበት መንደር ጡጦ ተቅማጥን ይዞ ይመጣል፤ ዱቄቱ ሲያልቅ ሌላ ለመግዛት የሚተርፍ ገንዘብም የለም፤ የእናቲቱ ወተት ደግሞ ሕፃኑ መጥባት ባቆመ መጠን እየነጠፈ ይሄዳል። ስሟን፣ ስልክ ቁጥሯንና የወለደችበትን ቀን የሚጠይቅ መተግበሪያ ካለም መረጃው የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ ማንም በእናቲቱ ፈንታ መሙላት አይገባውም።

በዐውደ ምሕረት የሚነገረውም ቢሆን እናቲቱን በቀጥታ አያገኛትም። ወንድ የወለደች እስከ 40፣ ሴት የወለደች እስከ 80 ቀን ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ጡት ማጥባት የሚጸናው ወይም የሚበላሸው ደግሞ በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ማስታወቂያውን የሚሰማው ባል ነው፤ ስልኩም የእሱ ነው፤ ቅቤውን የምታቀርበው ደግሞ አያት ናት። እንግዲህ ትምህርቱ ከወሊድ በፊት በሰንበቴና በየወሩ በ21 በሚጠጣው የማርያም ማኅበር ለአባወራዎችና ለአያቶች ቢሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። (ውኃ አይሰጠው ሲባል ስለ ጸበል የሚነሣውን ጥያቄ ወጣቶች ከስልክ አንብበው እንዳይመልሱ፤ አባቶች ከጤና ባለሙያዋ ጋር ተመካክረው ይመልሱት።)

ስልክ የማይመልሰው ሌላ ጉዳይ ጾም ነው። የምታጠባ እናት በቀን 2 ጊዜ ተጨማሪ ምግብ እንድትመገብ ይመከራል። ብዙ እናቶቻችን ግን ከወሊድ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የጤና ባለሙያዋ ብላ ብትል እንኳ ያለ ንስሐ አባታቸው ፈቃድ አይበሉም። በክልላችን «አላይቭ ኤንድ ትራይቭ» የተባለው መርሐ ግብር ስለ ሕፃናት አመጋገብ በሠራው ሥራ ካህናት በስብከታቸው እንዲያስተምሩ ያደረገው የካህን ቃል ያለውን ተሰሚነት አይቶ ነው። እናቲቱ ይህን ለመጠየቅ የ40 ወይም የ80 ቀኑን ፍጻሜ መጠበቅ ስለማይገባት፣ ንስሐ አባት የአራሷን ቤት ጸበል ለመርጨት በሚሄድበት ዕለት፣ ባልና አያት ባሉበት፣ የምትመገበውን ጠይቆ ፈቃዱን በዚያው ቢነግራት መልካም ነው።