ድምፁ ወጥቶ ሰዓቱ እንዳይቀር

እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበው የአሌሲስ ኩባንያ ኤዳት ስምንት ትራክ በአንድ የቪዲዮ ካሴት ላይ በዲጂታል ይቀዳ ነበር። በ1996 የወጣው የሮላንድ ቪኤስ-880 ካሴቱን በሃርድ ዲስክ ተክቶ ሚክሰሩንም ኤዲቲንጉንም እዚያው አንድ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ኋላ የመጡት የታስካምና የዙም መቅጃዎች ደግሞ ሜሞሪ ካርድ ይጎርሳሉ። ሁሉም ኮምፒውተር ሳይፈልጉ ዘፋኙን በአንድ ትራክ፣ ቤዙን በሌላው፣ ከበሮውን በሁለት ለይተው ያስቀምጣሉ። ፈተናው የሚመጣው የተቀዳውን ወደ ኮምፒውተር እናውጣው ሲባል ነው። ያኔ ክርክሩ ሁሉ ገመዱ ላይ ይወድቃል፤ ዲጂታል ይሁን ወይስ አናሎግ? በእኔ እምነት ከገመዱ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ትራኮቹ የሚጋሩት ሰዓት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስምንቱ ትራኮች ዘፈን የሚሆኑት እኩል ተነሥተው እኩል ሲሄዱ ነው። ድምፃዊው ከከበሮው በ30 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ በጥሩ ሁኔታ የዘፈነው ሰው ምት የማይጠብቅ ይመስላል። ጥፋቱም በእሱ ይላከካል እንጂ በዝውውሩ አይደለም። አዝማቹን የሚቀበሉት ድምፆች ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ገብተው ከሆነ፣ ከዚያ የሚጀምረው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ከዜሮ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ቦታውን የሚነግረን የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትራክ ዝምታውም ጭምር ተካቶ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ፋይል ሆኖ መውጣት አለበት። የታስካም ዲፒ-24 ይህን የሚሠራ የኤክስፖርት ትእዛዝ አለው። ትራኮቹን በዋቭ ፋይል አድርጎ ኮምፒውተር ሊያነበው ወደሚችለው የካርዱ ክፍል ይገለብጣቸዋል። ይህን ሳያደርጉ በዩኤስቢ አገናኝተው «ካርዱ ባዶ ነው» የሚሉ ሰዎች የሚያዩት ያንን ክፍል ብቻ ነው።

«ታዲያ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት አይቀልም?» የሚል ይኖራል። ቪኤስ-880ን በመሰሉ መቅጃዎች ይህ አደገኛ አቋራጭ ነው። ማሽኑ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ ሥርዓት ነው፤ በአንዳንዶቹ የአቀዳድ ዓይነቶችም ድምፁን በራሱ ዘዴ ይጨምቀዋል። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ማንበብ ሲያቅተው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ያለ ሰው ቅጂውን በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው። የሚሻለው መንገድ የዲጂታል መውጫው ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው ሁለት ቻናል ስለሆነ ስምንት ትራክ አራት ዙር ይፈልጋል። የጋራው ሰዓት የሚበተነው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ከዘፈኑ ግልባጭ ላይ፣ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ አጭር «ጠቅ» የሚል ድምፅ በስምንቱም ትራክ እኩል ቦታ ላይ መለጠፍ ነው። ከዚያ ኢፌክትና ኢኪው ይጠፋሉ፣ ፌደሮቹ ዜሮ ዲቢ ላይ ይቆማሉ፣ አንዱ ትራክ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይዞራል። ኮምፒውተሩ ላይ የሞገዱ ሥዕል እስኪጎላ ቀርቦ አራቱን ዙር በዚያች ጠቅታ ማስተካከል ይቻላል። የሳውንድ ካርዱ ሰዓትም መቅጃውን እንዲከተል መታዘዝ አለበት፤ አለበለዚያ ድምፁ መሐል መሐል ይንጣጣል። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳው እንደ 48 ከተነበበ ደግሞ የ5 ደቂቃው ዘፈን በ4 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ያልቃል፣ ቅኝቱም አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ከፍ ይላል።

የዲጂታል ገመድ ወገኖች «አናሎግ ጥራት ይቀንሳል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ግን በደህና ሳውንድ ካርድ አንድ ጊዜ መመላለስ የሚጨምረው ሹክሹክታ ማይክራፎኑ ከክፍሉ ከለቀመው ድምፅ በታች ነው። ስምንት አናሎግ መውጫ ያለው መቅጃ በእጁ ያለ ሰው ስምንቱን በአንድ ዙር ቢያሳልፍ፣ በአራት ዙር ዲጂታል አውጥቶ ካላስተካከለው ሰው የተሻለ ሥራ ይዟል። ኤዳት በዚህ የታደለ ነው፤ ስምንቱንም ቻናል በአንድ ቀጭን ኦፕቲካል ገመድ በዲጂታል ያወጣል። የዲጂታል ዝውውር ንጹሕ መሆኑን በግምት ማመንም አያስፈልግም። አንዱን ትራክ ሁለት ጊዜ አሳልፎ ጠቅታዎቹን ማጋጠም፣ የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጦ ሁለቱን አብሮ ማጫወት ነው። ፍጹም ዝምታ ከሆነ ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ናቸው። አንዳች ነገር ከተሰማ ሰዓቱን ወይም ኢፌክቱን መልሶ ማየት ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ሚክስ የተደረገው ስቴሪዮ ካለኝ ምን አስጨነቀኝ?» የሚለው ነው። ለማዳመጥ ይበቃል። ነገር ግን የዘፋኙ ድምፅ ከኦርጋኑ በታች ከተዋጠ ከሚክሱ ውስጥ እንደ ዋናው ትራክ ንጹሕ አድርጎ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የቦታ እጥረትም ምክንያት አይሆንም፤ በ16 ቢት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ባለ 5 ደቂቃ ዘፈን ስምንት ትራኩ ተደምሮ ወደ 212 ሜጋባይት ነው። እንዲህ ያለ መቅጃ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመሸጣችሁ ወይም ዲስኩ ከመቆሙ በፊት ትራኮቹን ለየብቻ፣ ከዜሮ ጀምራችሁ አውጡ፤ ግልባጩንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ።